የተጣለው ሌንስ ዋጋ

በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ በአንድ ዓይን የሚታይበትን የመስክ ቴሌስኮፕ፣ በገበያ ስሙ ስፖቲንግ ስኮፕን፣ አቅሙ በፈቀደ ዋጋ ሊገዛ የተነሣ ሰው፣ አዳኝም ይሁን ወፍ ተመልካች ወይም የፓርክ ጠባቂ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሻጩም ቁጥሩን በጉልህ አስጽፎ ይጠብቀዋል። የመሣሪያው የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ግን ሌሎች ጥያቄዎችን እንድናነሣ ያስገድደናል። ይህ ሌንስ ገዢው እጅ ከመግባቱ በፊት ማን መረመረው? መጥፎዎቹን ማን ለይቶ ጣላቸው? የተጣሉትንስ ወጪ ማን ሸፈነ? የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ጥሩ የሩቅ መነጽር የሚወደደው አሸዋው ወይም ናሱ ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ዋጋው የሚጠራቀመው በተጣለው ላይ ነው። የተለቀመ ቡና ከነግርዱ ከሚሸጠው የሚወደደው ከሌላ ዛፍ ስለመጣ ሳይሆን የለቃሚው ድካምና የግርዱ ኪሳራ ስለተጨመረበት ነው፤ የሌንስም ነገር እንዲሁ ነው። ደህና ቴሌስኮፕ ለተራው ሰው በረከሰባቸው ጊዜያት ሁሉ የመልቀሚያውን ወጪ ከገዢው ሌላ የሆነ አካል ከፍሎለት ነበር፤ አንዴ ባለርስት፣ አንዴ ጦር ሠራዊት፣ አንዴም መንግሥት። ያ ከፋይ ሲጠፋ ርካሽነቱ ይቀራል፣ ጥራቱ ግን አብሮት ይሄዳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስረጃው ከመነሻው ይጀምራል። በ1608 መገባደጃ የሚድልበርጉ መነጽር ሠሪ ሃንስ ሊፐርሄይ ሩቁን የሚያቀርብ ቱቦ ሠርቻለሁ ብሎ ለኔዘርላንድ መንግሥት የፈጠራ መብት አመለከተ። ሌሎችም ያውቁታል ተብሎ ተከለከለ። በቀጣዩ ዓመት የጸደይ ወራት ቱቦው በፓሪስ ድልድይ ላይ ባሉ ሱቆች ይሸጥ ነበር። ሁለት የመነጽር ሌንሶች ያለው ሁሉ ሊገጣጥመው ስለሚችል ለመስፋፋት ወራት እንጂ ዓመታት አላስፈለጉትም። የሚያቀርበው ግን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ ምስሉም የደበዘዘ። ጋሊሊዮ በዚያው ዓመት ወደ 20 እጥፍ ያደረሰው አዲስ ፍልስፍና አግኝቶ አይደለም፤ ሌንሱን ራሱ እየሞረደ፣ እየፈተነ፣ እየጣለ ነው። በ1610 የጻፈው ደብዳቤ ይህን ይመሰክራል። በብዙ ወጪና ድካም ከ60 በላይ ቴሌስኮፖች ሠርቶ የጁፒተርን ጨረቃዎች ለማሳየት የበቁት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ከነዚያም ቢሆን የሌንሱን ዳር በካርቶን ሸፍኖ በመሐሉ ብቻ ነበር የሚያየው፤ ዳሩ ምስሉን ያበላሽበት ነበርና። እንግዲህ የሳይንስ ታሪክ የቀየረው መሣሪያ ዋጋው ያልተሳኩት የብዙዎቹ ዋጋ ጭምር ነበር። በድልድዩ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ምንም ስላልተጣለለት ረከሰ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ቀለም ነው። አንድ ሌንስ ብቻውን ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን በአንድ ነጥብ ላይ ስለማይሰበስብ የሚታየው ነገር ሁሉ ባለቀለም ጥለት ይይዛል። የ17ኛው መቶ ዘመን መፍትሔ ቱቦውን ማርዘም ነበር፤ የዳንዚጉ ሄቬሊየስ ያቆመው ቴሌስኮፕ 46 ሜትር ይረዝም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተራራ ይዞ አይወጣም። ሁለት ዓይነት መስታወት አጣምሮ ጥለቱን ማጥፋት እንደሚቻል በ1730 ገደማ ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ ደረሰበት፤ በ1758 ግን የፈጠራ መብቱን ያገኘው ጆን ዶሎንድ ነው። ልጁ ፒተር ዶሎንድ መብቱን በፍርድ ቤት አስከበረ፤ መብቱ በ1772 ሲያበቃ የእነዚህ ጥምር ሌንሶች ዋጋ በእንግሊዝ በግማሽ ወረደ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ቴሌስኮፖቹን አስጭኖ ጎንደር የገባው ይህ መብት ገና በጸናበት ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ የሀብታም መንገደኛና የመርከብ አዛዥ ንብረት ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ዋጋውን ያወረደው የመብቱ ማብቃት ከሆነ ውድነቱ የሕግ እንጂ የመልቀም ጉዳይ አልነበረም ሊባል ይችላል። ግማሹ ልክ ነው። ነገር ግን ግማሽ ዋጋም ለተራ ሰው ሩቅ ነበር፤ የቀረውን ግማሽ የያዘው ራሱ መስታወቱ ነው። ጥምሩ ፍሊንት የሚባል ከባድ፣ እርሳስ ያለበት መስታወት ይፈልጋል። ፍሊንት ሲቀልጥ ከባዱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ውስጡ ክርና ጅማት ይሠራል፤ አንዲት ክር ደግሞ ምስሉን ታጣምመዋለች። ከአንድ ማቅለጫ ሸክላ የሚወጣው ንጹሕ ቁራጭ ጥቂት ነበር፤ ትልቅና ንጹሕ ቁራጭ ማግኘትማ የዕድል ያህል ነበር። ነጋዴው የዚህን አቋራጭ አገኘ። በ19ኛው መቶ ዘመን በዶሎንድ ስም ላይ አንዲት ፊደል ቀይረው የተቀረጸባቸው ርካሽ ቱቦዎች በብዛት ተሸጡ። ስሙን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ዶሎንዶች የጣሉትን መጣል ግን ገንዘብ ይጠይቃል።

የፍሊንትን ችግር የፈታው የስዊዘርላንዱ ፒየር ሉዊ ጊናን ነው፤ የቀለጠውን መስታወት በሸክላ ዘንግ ማማሰል አስቦ ክሩን አጠፋው። ዘዴውን ወደ ባቫሪያ ወስዶ ለሌንስ ሠሪው ፍራውንሆፈር አካፈለ፤ በ1848 ደግሞ ፈረንሳዊው ቦንታን በበርሚንግሃም አጠገብ ለሚገኘው የቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ አደረሰው፤ በ1884 ኦቶ ሾት ከኤርንስት አቤ ጋር በየና ከተማ ያቋቋመው ቤተ ሙከራ የእያንዳንዱን መስታወት ጠባይ በቁጥር አስቀምጦ መሸጥ ጀመረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መልቀሙ አልቀረም፤ ከሌንስ ሞራጁ ጠረጴዛ ወደ መስታወት ፋብሪካው ተዛወረ፣ በብዙ ደንበኞችም ላይ ተከፋፈለ። ኪሳራው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል።

አሁን ወደ አደኑ እንግባ፤ ምክንያቱም የመስክ ቴሌስኮፕ መልኩን ያገኘው በስኮትላንድ ደጋ ነው። ዊልያም ስክሮፕ ስለ አጋዘን አደን የጻፈው መጽሐፍ በ1838 ወጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ በዚያው ደጋ ያለውን የባልሞራል ርስት በ1852 ገዙ፤ ከዚያ በኋላ በደጋው ላይ ቀይ አጋዘን ማደን የእንግሊዝ ሀብታም ሁሉ ምኞት ሆነ። ያ መሬት ባዶ የሆነው በራሱ አልነበረም። ብዙው ቀድሞ ነዋሪዎቹ ለበግ ሲባል የተፈናቀሉበት፣ በጉ ትርፉ ሲያንስ ደግሞ ለአጋዘን የተከለለ ነው። የአደን መሪ ሆኖ የተቀጠረው ሰው ብዙ ጊዜ የዚያው የደጋ ሕዝብ ልጅ ነበር። ቴሌስኮፑን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከጠመንጃው ይልቅ የቀኑን ውጤት የሚወስነውም ይኸው ቴሌስኮፕ ነበር። ዛፍ በሌለበት ኮረብታ አጋዘኑ ሰውን ከሩቅ ያያል፣ በነፋስ ያሸታል። ስለዚህ መሪው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ በጀርባው ይተኛል፤ ከናስ የተሠራውን፣ ቆዳ የለበሰውን፣ እየተሳበ የሚረዝመውን ቱቦ በጉልበቱና በዱላው ላይ ያስደግፋል፤ ኮረብታውን ስንዝር በስንዝር ያነብባል። የሚፈልገው አጋዘን ማግኘት ብቻ አልነበረም። የትኛው ሽማግሌ እንደሆነ፣ የትኛው ገና ሁለት ዓመት መቆየት እንዳለበት፣ ሴቶቹ ወዴት እንደሚያዩ፣ ነፋሱ በየትኛው ሸለቆ እንደሚዞር አንድ ላይ መመዘን ነበረበት።

ያ ቴሌስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ከ20 እስከ 30 እጥፍ ነበር፤ ከዚያ በላይ ብዙም አይሄድም ነበር። የሠሪው እጥረት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን የተመልካቹ ፍርድ ነበር እላለሁ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት በመስታወት የሚያይ ሰው ከዚያ በላይ ሲሄድ ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ እይታው ይጠብባል፣ የልብ ምቱ ሳይቀር ምስሉን ያናውጠዋል። የለንደን ታላላቅ ቤቶች፣ እንደ ሮስ ያሉት፣ የሠሩትን መልሶ የሚፈትን እንዲህ ያለ ዓይን በደጋው ላይ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው ባለርስቱ ነው። የአደን መሪው ከደመወዙ ፈጽሞ የማይገዛውን መሣሪያ ሲይዝ የኖረው የመልቀሙን ዋጋ ሌላው ስለከፈለለት ነው። በእኔ እይታ የዚህ ታሪክ እውነተኛ ሊቃውንት ስማቸው በቱቦው ላይ ያልተቀረጸላቸው እነዚያ መሪዎች ናቸው።

ጦርነት ይህን እውቀት ከርስቱ አወጣው። በ1900 የደጋው ባለርስት ሎርድ ሎቫት በደቡብ አፍሪካ ለተካሄደው የቦር ጦርነት የደጋውን የአደን መሪዎችና ረዳቶች መልምሎ ሎቫት ስካውትስ የተባለውን ክፍል አቋቋመ፤ የክፍሉ ዋና መሣሪያ ቴሌስኮፕ ነበር። በ1914 የብሪታንያ ጦር የመነጽር ድርቅ ሲመታው ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስ ሕዝቡ የግል መነጽሩንና ቴሌስኮፑን እንዲያውስ ተማጸነ፤ ለዓመታት ጥሩውን መስታወት ከጀርመን የገዛች አገር ጀርመንን ስትወጋ የሚገጥማት ይኸው ነው። የአነጣጣሪ ተኳሾችን ትምህርት ቤት በፈረንሳይ ያቋቋመው ሄስኬት ፕሪቻርድ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ የሎቫት ሰዎችን በአድናቆት ያነሣቸዋል፤ ሥራቸው መተኮስ ብቻ አልነበረም፣ የጠላትን ምሽግ ቀኑን ሙሉ ማንበብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ሁሉ ስካውት ሬጅመንት በሚባል ቴሌስኮፕ ተጠቃለለ። እየተሳበ የሚረዝም፣ 20 እጥፍ የሚያቀርብ፣ በተለያዩ ፋብሪካዎች በአንድ መለኪያ የተሠራ ነበር። ሠራዊቱ በጅምላ ገዛው፣ ፈተነው፣ የማይሆነውን መለሰው፣ የመንግሥት ንብረት ምልክት የሆነውን የቀስት ጫፍ ቀረጸበት።

ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ ትርፍ ዕቃ ሆኖ በርካሽ ወደ ገበያ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ የተነሣው የእንግሊዝ ወፍ ተመልካች ትውልድ፣ መምህሩና ጸሐፊው፣ በባሕር ዳርቻ ጭቃ ላይ በጀርባው ተኝቶ ዳክዬ የቆጠረው በአብዛኛው እየተሳበ በሚረዝም እንዲህ ባለ ቱቦ ነው፤ አተኛኘቱም ሳይቀር የስኮትላንዱ መሪ አተኛኘት ነበር። ይህ በመነጽር ታሪክ ጥሩው ነገር በእውነት ለብዙው ሰው ከደረሰባቸው ጊዜያት አንዱ ነው፤ ያደረሰውም የገበያ ብልሃት አይደለም። ግብር ከፋዩ ሕዝብ የተጣሉትን ሁሉ አስቀድሞ ከፍሎ ስለነበር ነው።

በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይቀርባል። ትርፍ የጦር ዕቃ ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ወድቆ የተጣመመ፣ ውስጡ ሻጋታ የያዘ፣ ተፈትቶ በግዴለሽ የተገጠመ ብዙ ነበር። ከዚያም በላይ የዚያ ዘመን ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ ሌንሶች ጸረ ነጸብራቅ ቅብ አልነበራቸውም። ቅብ በሌለው እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ ከሚያልፈው ብርሃን ከ4 እስከ 5 በመቶ ይመለሳል፤ ባለ ቱቦው ቴሌስኮፕ አሥር ገደማ ገጽ ስለነበረው ሲሶው ብርሃን በመንገድ ይቀር ነበር። የጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ባለሙያ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 ያስመዘገበው ቅብ ይህን ኪሳራ ቀነሰ፤ ስለዚህ ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ ስኮፕ በብሩህነቱ የቪክቶሪያን ዘመን ውድ ዕቃ ይበልጣል። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ቅብ ግን ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ጠማማ ሌንስ አያቃናም፣ ምስሉን የሚያቀናው ፕሪዝም ከመሐሉ ቢወጣ አይመልሰውም። ክርክሬ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በጃፓን ነው። ከ1945 በኋላ ለጦሩ መነጽር ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ሥራ አጡ፤ በቶኪዮ ኢታባሺ ወረዳ አንዱ ሌንስ የሚሞርድበት፣ ሌላው ፕሪዝም የሚሠራበት፣ ሦስተኛው የሚገጣጥምበት ትናንሽ የሥራ ቦታ በዛ። ዋጋው ለአሜሪካ ገዢ የማይታመን ነበር፤ በ1948 የተቋቋመው የዴቪድ ቡሽኔል ኩባንያ ያደገው ይህንኑ ዕቃ በማስመጣት ነው። ጥራቱ ግን እንደየቤቱ ይለያይ ስለነበር የጃፓን ስም ሊጠፋ ደረሰ። የተገኘው መፍትሔ አስተማሪ ነው፤ ወደ ውጭ የሚላክ መነጽር በመርማሪ ተቋም እንዲፈተሽ ተደረገ፣ ያለፈውም ሞላላ ወርቃማ ምልክት ተለጠፈበት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ መነጽሮች ላይ ምልክቱ እስከ ዛሬ ይታያል። እርግጥ ማለፊያው ዝቅተኛ መስፈርት ነበር፤ ምልክት ያለው ሁሉ ድንቅ አይደለም። ቢሆንም የጥራት ወለል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ከወለሉ በታች ያለውን የሚጥለው ገዢው ሳይሆን ተቋሙ ሆነ።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ ፍላጎቱን ያጠነከረው የአደን ሕግ ነው። በአላስካ በአብዛኛው ቦታ የዳል በግ የተባለው የዱር በግ አውራ የሚገደለው የአንዱ ቀንዱ ጫፍ ሙሉ ክብ፣ ማለትም 360 ዲግሪ፣ ሲዞር፣ ወይም ሁለቱም ጫፎች ተሰብረው ሲገኙ፣ ወይም ዕድሜው ስምንት ዓመት ሲሞላ ነው። ቀንዱ ላይ ያሉትን የዓመት ቀለበቶች ከማዶ ሸንተረር መቁጠር ያለበት አዳኝ በእጅ መነጽር ብቻ ሊፈርድ አይችልም። በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን አደን የሚፈቀደው በጥቂት ኮታ ነው፤ መሪው ያረጀውን አውራ ከጎልማሳው ሳይለይ ማስተኮስ የለበትም። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚቆመውን ዋልያ የሚቆጥር ሰውም የሚያየው ከማዶ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ የተሳሳተ ምስል የተሳሳተ ጥይት ወይም የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል።

የማጉላት ቁጥር ወጥመድ የተስፋፋው በዚሁ ከጦርነቱ በኋላ ባለው ዘመን ነው። እየዞረ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ የዓይን ሌንስ ሲለመድ፣ ትልቁን ቁጥር በ60 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ላይ መጻፍ ቀላል ሆነ። ሂሳቡ ግን አይዋሽም። የፊት ሌንሱ ስፋት ለእጥፉ ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 60 ለ20 ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር፣ 60 ለ60 ሲካፈል 1 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ብሌን በደማቅ ቀን ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ በምሽት ከዚያ በእጅጉ ይሰፋል። እንግዲህ አጋዘን ከጫካ በሚወጣበት ሰዓት 60 እጥፉ ጨለማ ያሳያል፣ በቀትር ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያፈላዋል። ለቀንድ ቀለበት ትልቅ እጥፍ ያስፈልጋል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ በንጹሕ ጠዋት፣ በጽኑ ማቆሚያ፣ በደንብ በተለቀመ ሌንስ። ከፍተኛ እጥፍ የሌንሱን ጉድለት ሁሉ አብሮ ያጎላል፤ ስለዚህ መልቀም ባልተከፈለበት ዕቃ ላይ ትልቁ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚከሽፈው ነው።

ዛሬ የርካሹ መነጽር ማዕከል ቻይና ነው፤ በተለይ በ1939 በጦርነት መካከል የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር መነጽር የተሠራባት ኩንሚንግ። ትክክለኛ ማሽን ዘመኑን ስለቀየረው የመልቀም ክርክር አርጅቷል የሚሉ አሉ። ማሽኑ በእርግጥ ብዙ ቀይሯል፤ አማካዩ ሌንስ ከድሮው አማካይ እጅግ ይሻላል። ሆኖም አንድ ፋብሪካ በአንድ መስመር የሠራውን ዕቃ ለተለያዩ ስሞች ሲሸጥ፣ ውዱ ስም የሚከፍለው በአብዛኛው ለጠበበ የስሕተት ወሰንና ለሚመለሰው ዕቃ ነው፤ ርካሹ ስም ደግሞ ሰፊውን ይቀበላል። ስለዚህ በርካሹ መደብ ሁለት ተመሳሳይ ስኮፖች አንዱ ስለታም ሌላው ደብዛዛ ሆነው ይገኛሉ። የጃፓኑ ወለል ለዚህ ገዢ የለም፤ መርማሪው ራሱ ገዢው ሆኗል።

ተራ ገዢ መመርመር አይችልም የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ግን አያሳምነኝም። ስኮፑን በ20 እጥፍ አድርጎ ከዓይን አርቆ በብሩህ ሰማይ ላይ ሲያቀናው በዓይን ሌንሱ ውስጥ የብርሃን ክብ ይታያል፤ በማስመሪያ ይለካው። 60 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠው ክቡ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሠሪው እንደ ጋሊሊዮ ካርቶን ዳሩን በውስጥ ሸፍኖታል፤ እውነተኛው ስፋት 40 ብቻ ነው። ባዶ ቅርንጫፍ በነጭ ሰማይ ላይ ሲያይ ጥለቱ ምን ያህል እንደሆነ ይገነዘባል። ማታ ወደ ደማቅ ኮከብ አቅንቶ ትኩረቱን ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ያዙረው፤ ጥሩ ሌንስ ኮከቡን በሁለቱም በኩል ወደ ክብ ቀለበቶች ይዘረጋዋል፣ ጠማማው ወደ ሦስት ማዕዘን ወይም ወደ ጅራት። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይበቃል፤ የሚያስፈልገው የመመለስ መብት ያለው ግዢ ነው። መብቱን የሚሰጥ ሻጭ ጥቂት ቢያስወድድ ጭማሪው የመልቀሚያ ዋጋ ነው። ለአንድ ፓርክ ወይም ለአንድ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ደግሞ የተሻለው መንገድ አምስት ስኮፕ አብሮ ማስመጣት፣ በአንድ ማታ በአንድ ኮከብ ላይ ሁሉንም መፈተንና የከሸፉትን መመለስ ነው።